ድንጋይ ተሸክመው የመጡበት ምርጫ

ምርጫ ማስፈጸም የጀመርኩት በመዝጋቢነት ነው። መምህር ነበርኩ፤ ጽሕፈቱ ይነበባል ተብዬ ተመለመልኩ። የመጀመሪያው ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። የጣቢያው ኃላፊ አቶ እጅጉ የሚባሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እንደምን አደርክ እንኳ ሳይሉኝ «ኮሮጆውን አንሣና ተከተለኝ» አሉኝ።

ኮሮጆ የምንለው ሰው ድምፁን የሰጠበትን ወረቀት የሚከትበትን ከረጢት ነው። አቶ እጅጉ ከሕዝቡ ፊት አቆሙኝና ገልብጬ እንዳራግፈው አዘዙኝ። አራገፍኩት፤ ምንም አልወደቀም። ከሰልፉ መጀመሪያ የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ባዶውን አይተን ምን ይረባናል? ሲሞላ ነው እንጂ የሚታይ» አሉ። ሰው ሳቀ። አቶ እጅጉ አልሳቁም። «ሲሞላም ያያሉ አባቴ፤ ካሻዎ እዚሁ ይቆዩ» አሏቸው። ሽማግሌው እውነትም ቆጠራው እስኪያልቅ ከደጅ ተቀምጠው ዋሉ።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ መሰለፌ አኩርቶኝ ለሚስቴ ስተርክላት አመሸሁ። አሁን ሳስበው የሚያበሽቀኝ ያ ደስታ ነው።

ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። መጋረጃው ከመስኮት መራቅ አለበት፤ አለዚያ የውጭ ሰው አጮልቆ ያያል። እስክሪብቶው ከጠረጴዛው እግር ጋር በሲባጎ ይታሰራል፤ አለዚያ አንዱ ረስቶ ኪሱ ከቶት ይሄዳል። ቀለሙን ከመቀባት በፊት ጣት በጨርቅ ይጠረጋል። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ቀለም ቶሎ አይዝም፤ እስከ ጥፍሩ ሥር ካላዳረስከው ላብ ያጥበዋል።

አንዲት ባልቴት «አንተው ምልክቱን አድርግልኝ፣ እኔ ዓይኔ ፈዟል» ቢሉኝ እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ «እኔ አይፈቀድልኝም እናቴ፣ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይግቡ» አልኳቸው። «አላምንህም ያለህ ማን ነው?» ብለው ተቆጡኝ። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ነው እንግዲህ ስናገለግል የኖርነው።

ከመዝጋቢነት ወደ ቀለም ቀቢነት፣ ከዚያ ወደ ኃላፊነት ከፍ አልኩ። ኃላፊ ሆኜ የተመደብኩት ስማዳ ወረዳ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን ያህል ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። ለአንዲት ወንበር ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ።

አንዱ አቶ አለልኝ ናቸው። በፓርቲ ስም የቀረቡ፣ ዘመደ ብዙ፣ እህልም ከብትም የማያጡ ገበሬ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ትዋብ ናት። የግል ተወዳዳሪ ነበረች፤ ገበያው ዳር ባለችው ቤቷ ልብስ ትሰፋ ነበር። የምርጫ ምልክት ምረጪ ብትባል «እንስራ ይሁንልኝ፤ ማንም ሴት ታውቀዋለች» አለች።

ትዋብ የምትናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በቀበሌውና በወገዳ መካከል ያለው ወንዝ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ድልድይ የለውም። እኅቷ ምጥ ይዟት፣ ቃሬዛ ላይ ሆና፣ ውኃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ወንዙ ዳር ሞታለች። ትዋብ ገበያ መሐል ቆማ «እኔ ሌላ ነገር አላውቅም። ድልድይ ይሠራ ብዬ ሰው እስኪሰለቸኝ እናገራለሁ። ለዚህ ነው የምወዳደር» ትል ነበር። ሴቶቹ ሲሰሟት አንገታቸውን ይደፋሉ። ወንዶቹም ቢሆኑ ቃሬዛ ያልተሸከመ በመካከላቸው አልነበረም።

ችግሩ ወዲህ ነው። የትዋብ ወገንና የአቶ አለልኝ ወገን በድሮ ጊዜ በእርሻ ወሰን ተጣልተው ደም ተቃብተዋል። ከዚህም ከዚያም ሰው ሞቷል። ሽማግሌዎች ስንት ዓመት ደክመው፣ ካሳ አስከፍለው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስምለው ነው ያበረዱት። ከአስታራቂዎቹ ዋነኛው አያ መኳንንት ናቸው። ከሞቱት አንዱ የእሳቸው የበኩር ልጅ ነበር፤ የልጃቸውን ደም ትተው ነው ሌላውን ያስታረቁ።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን የአቶ አለልኝ የወንድም ልጅ «እንስራ ውኃ ይሸከማል እንጂ ወንበር አይሸከምም» ብሎ ቀለደ። የትዋብ ታናሽ ወንድም ምናለ ሰምቶት ኖሮ ዱላውን አነሣ። ሰው መሐል ገባ እንጂ ያን ቀን አንዱ ይወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ወገን ገበያ ሲወጣ መሣሪያውን አንግቶ ሆነ።

አያ መኳንንት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተሰብስበዋል፤ የትዋብ የነፍስ አባት መምሬ ጥበቡም አሉ። መምሬ ጥበቡ ከድጓ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ልሔም የተማሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ካህን ናቸው። አያ መኳንንት ቦታ ለቀውልኝ «መምህር፣ ትዋብ ውድድሩን ትተወው ብለን አስበናል። ሕጉ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ተወዳዳሪ በገዛ ፈቃዱ መተው ይችላል» አልኳቸው። «ግን ቀኑ አልፏል። ወረቀቱ ታትሟል፤ ስሟም እንስራዋም አለበት። ደግሞስ ሰውን አስገድዶ ማስተው ወንጀል ነው።»

«ማን አስገደደ? እንለምናታለን እንጂ።»

«የእናንተን ልመና እንቢ የሚል ማን አለ?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አሉ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ሰው ቢሞት እርስዎ ዋስ ይሆናሉ?»

በእኛ አገር ዋስ መሆን ቀልድ አይደለም፤ ዋስ የሆነ ሰው ቤቱንም አንገቱንም አስይዞ ነው። «እኔ የጣቢያ ኃላፊ ነኝ፤ ለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው የለም» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኛ እንሆናለን» አሉ። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ትዋብ ቤት ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ ተወዳዳሪ እንዳትገደድ ማየት ሥራዬ ነው። መምሬ ጥበቡ መስቀል ይዘው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ከኋላ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የቆመ ሰው ምሕረት ለማኝ ነው። የቤቱ ባለቤት «አውርዱ» እስኪል ድረስ አይቀመጥም፣ አይገባም፣ ውኃ አይቀምስም። «አውርዱ» ካለ ደግሞ እሺ ብሏል፤ መመለሻ የለውም። ለነፍስ ገዳይ ይቅርታ ሲለመንበት አይቻለሁ። ለተወዳዳሪ ሲለመንበት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ትዋብ ደጃፏ ላይ ወጥታ ስታያቸው ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ምን አድርጌ ነው?» አለች። «ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው። እናንተ ምን በደላችሁኝ?»

«ገና ልንበድልሽ ነው ልጄ» አሉ አያ መኳንንት። «ስለዚህ ነው አስቀድመን የተሸከምነው።»

ነገሩ ገባት። «ድልድዩስ?» አለች።

«አለልኝ ይጠይቅ፤ እናስምለዋለን።»

«እኅቴ ስትሞት ከቃሬዛው ሥር እርስዎም ነበሩ።»

«ነበርኩ» አሉ። ዕንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ፤ እጃቸው ድንጋዩን ስለያዘ አልጠረጉትም። «ሴት ወንዝ ዳር ስትሞትም አይቻለሁ፤ ልጄ ጥይት በልቶት ሲመጣም አይቻለሁ። ሁለተኛውን ደግሜ ማየት አልችልም።»

ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ሕጉ ምን ይላል?»

«በሕግ ተወዳዳሪ ነሽ። ማንም ሊያወርድሽ አይችልም።»

«በሕግማ ነኝ» አለች።

ምናለ ከጓዳ ወጥቶ «አውርዱ እንዳትይ! ይቁሙ፣ ሲደክማቸው ይሄዳሉ!» ብሎ ጮኸባት። ፀሐዩ ከረረ። ሽማግሌዎቹ አልተነቃነቁም። እኔ በበኩሌ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንድትጸና በሆዴ እለምናት ነበር። በመጨረሻ የአያ መኳንንት ጉልበት ከዳቸውና በአንድ እጃቸው መሬት ተመረኮዙ፤ ድንጋዩ ግን አልወረደም። ትዋብ ዓይኗን ጨፈነች። «አውርዱ» አለች።

ድንጋዮቹ አንድ ባንድ መሬት ወረዱ። ሽማግሌዎቹ መረቋት፤ ልጅሽ ይባረክ፣ ቤትሽ ይሙላ አሏት። ምናለ በአጥሩ ዘሎ ወጣ። እሷ ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ወገዳ ወርጄ ለወረዳው የምርጫ አስተባባሪ ነገርኩ። ወጣት ነው፤ ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል።

«የደበደባት ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ያስፈራራት?»

«ድንጋይ ተሸክመው ቆሙባት እንጂ…»

«እህ፣ ሽማግሌ ለመነኝ ብላ ነው የምትከስ? ስሟ ወረቀቱ ላይ አለ አይደል? አለ። ሕዝቡ ከፈለገ ይመርጣታል። መምህር፣ ሌላው ቦታ ሰው እየተጋደለብኝ ነው፤ እርስዎ ሰላም ሆነ ብለው መጡብኝ?»

ልጁ ተሳስቷል እንዳልል ያለው ሁሉ ሕጉ ላይ አለ።

ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ መምሬ ጥበቡ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁመው ገዘቱ። ስሟ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ስለቀረ ተንኮለኛ ሰው በእንስራው ላይ ምልክት አድርጎ የተቋጨውን ነገር እንዳይፈታው፣ ያደረገ ቢኖር የበረደውን ደም እንደቀሰቀሰ ይቆጠር አሉ። ሕዝቡ «ይሁን» አለ። ግዝት ማለት ከባድ ነው። ግዝት የጣሰ ሰው ሲሞት ፍትሐት ይከለከላል ብሎ የሚፈራ ሕዝብ ነው።

መምሬ ጥበቡን ብቻቸውን ሳገኛቸው «አባ፣ ይህ ልክ አይደለም፤ ድምፅ የሰው የብቻው ነው» አልኳቸው። «ነፍስስ የማን ናት?» አሉኝ። አዝነው ነው እንጂ ተቆጥተው አይደለም። ለሳቸውም ከብዷቸው ነበር፤ ትዋብን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ኮሮጆውን ገልብጬ አሳየሁ። የሳቀ፣ የቀለደ፣ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ እንደዚያ ጸጥ ያለ ሰልፍ ግን አይቼ አላውቅም። ሰው ይገባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ሳይቆይ ይወጣል። ለቀስተኛ የቆመ ነው የሚመስለው።

ትዋብ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሰልፈኛው መንገድ ሊለቅላት ቢል «ተራዬን እጠብቃለሁ» አለች። ጣቷን ራሴ ጠርጌ ቀባሁላት። ከመጋረጃው ጀርባ ገባችና ቆየች። ያለ ልክ ቆየች። የአቶ አለልኝ ወኪል ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ፤ ዓይን ዓይኔን ቢያየኝ ፊቴን አዞርኩበት። ወጥታ ወረቀቷን ከተተችና ማንንም ሳታይ ሄደች።

በሩን ዘግተን መቁጠር ጀመርን። አንዱ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ አንዱ ያነባል፣ ታዛቢዎች ያያሉ። አለልኝ። አለልኝ። አለልኝ። ሌላ ስም አልተጠራም። የወረቀቱ ክምር እየጎደለ ሲሄድ የቀረውን በዓይኔ እቆጥር ጀመር። አንድ እንኳ ይውጣ አልኩ። የሷ የራሷ አለ እኮ፣ እሱ የት ሄደ? የመጨረሻውን ወረቀት የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አለልኝ።

እንዳልሳሳት ብዬ ደግመን ቆጠርን። አልተለወጠም። ውጤቱን ደጅ ወጥቼ አነበብኩ፤ «ወይዘሮ ትዋብ፣ ዜሮ» ስል አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች። አቶ አለልኝ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «አንዲት እንኳ? እሷስ ራሷ?» አሉኝ። አሸናፊ እንደዚያ አፍሮ አይቼ አላውቅም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አስተባባሪው ደወለ። «ችግር አለ?»

«የለም።»

«እሰይ። አርአያ የሚሆን ጣቢያ ነው።»

በኋላም በስብሰባ ላይ ጣቢያችን ተመሰገነ። የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ የት እንደጣልኩት አላውቅም። የአጎራባች ቀበሌ ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው አያ መኳንንት ዘንድ ምክር ሊጠይቁ መጡ። በሚቀጥለው ምርጫ ገና ተወዳዳሪ ሊመዘገብ ነው ሲባል ድንጋይ የሚያነሣ ቀበሌ በዛ። ከዚያም የሚመዘገብ ሰው ጠፋ። እኔ ግን ኮሮጆ እያራገፍኩ፣ ጣት እየጠረግሁ፣ በየምርጫው አንድ ስም ስቆጥር ኖርኩ።

አቶ አለልኝ ስለ ድልድዩ ምክር ቤት ላይ አንድ ቀን አንሥተዋል አሉ። ይታያል ተባሉ። እሳቸውም አልደገሙት፤ ለምን አልደገሙም ብሎ የሚሟገታቸው ሰው አልነበረም። ድልድዩ ዛሬም የለም።

ደም እንዳይፈስ ተብሎ የተተወው ምርጫ ደሙን አላስቀረውም። ምናለ ከእንግዲህ በድምፅ የሚሆን ነገር የለም ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ፤ ከሱ በኋላ ከሁለቱም ወገን ብዙ ወጣቶች ገቡ። ጣቢያችን የነበረው ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የጥቁር ሰሌዳው እንጨት ለማገዶ ተነቅሏል ብለው ነገሩኝ። አያ መኳንንት ይህን ሁሉ አይተው ነው የሞቱት።

እኔ ጡረታ ወጥቼ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው የምኖረው። ተኩሱ ረገብ ብሎ መንገዱ ሲከፈት አውቶቡስ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፣ ሲዘጋ ሰው መናኸሪያ ይውላል። በቅርቡ እዚያ ትዋብን አገኘኋት። የስፌት መኪናዋን በማዳበሪያ ጠቅልላ አጠገቧ አስቀምጣለች፤ አገሩን ለቃ መሄዷ ነው። ስለ ምናለ ብጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም።

ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጠየቅኋት። «ያን ቀን ለራስሽ እንኳ ለምን አልሰጠሽም? ግዝቱን ፈርተሽ ነው?»

«ግዝቱንስ ንስሐ እገባበት ነበር» አለች። «እንስራውን ልመታ እስክሪብቶውን አነሣሁ። አንድ ድምፅ ብቻ ቢወጣ የኔ መሆኑን ማን ያጣዋል? ሽማግሌ አዋረደች ይሉኛል። ወንድሜን ይገድሉብኛል ብዬ እንስራውን ትቼ ለአለልኝ ሰጠሁ።»

«ሌላ ሰው ለእንስራው አንድ ድምፅ ሰጥቶ ቢሆንስ?»

«ከመጋረጃው ጀርባ የቆየሁትም እሱን ሳስብ ነው። እንዲያ ያሰበ ሰው ካለ ብዬ። አሁን ሳገኛቸው ሴቶቹ ምን ይሉኛል መሰለዎት? እኔም እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር ይሉኛል። እኔም። እኔም። ሁሉም ብቻዬን ነኝ ብላ ነው የተወችው።»

አውቶቡሱ አይሄድም ተባለ። የስፌት መኪናዋን ተጋግዘን ወደ ጥላ ወሰድነው። ተሰናብቻት ሄድኩ።

እናንተ በዚህ ሥራ ያላችሁ ልጆች፣ መጋረጃውን ከመስኮት አርቃችሁ ስቀሉ፣ ጣቱንም በደንብ ጥረጉ። ግን ቆጠራው ሲያልቅ ምርጫው በሰላም ተጠናቀቀ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ለተሸናፊው ስንት ድምፅ እንደወጣ እዩ። ምንም ካልወጣ እዚያ ቀበሌ ምርጫ አልነበረም።